ሮንዳ ራውዚ፦ ለሴት ተፋላሚዎች የዩኤፍሲን በር የከፈተችው ሻምፒዮንና ለዓመታት የደበቀችው ጉዳት



በጃንዋሪ 2011 የዩኤፍሲ ፕሬዚዳንት ዳና ዋይት ሴቶች በድርጅታቸው መድረክ ላይ የሚፋለሙት መቼ እንደሆነ ተጠይቀው ነበር። የሰጡት መልስ አጭር ነው፤ መቼም አይሆንም አሉ። ሁለት ዓመት ከአንድ ወር ያህል ቆይቶ ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2013 በካሊፎርኒያዋ አናሃይም ከተማ የዚያው ድርጅት የምሽቱ ዋና ፍልሚያ በሁለት ሴቶች መካከል ተካሄደ። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ የሰውየውን ሐሳብ ያስቀየረችው አሜሪካዊቷ ሮንዳ ራውዚ ናት።

ስሟን የሚያውቁ ብዙዎች የሚያስታውሱት በሰከንዶች የተጠናቀቁ ድሎቿን ነው። ከድሎቹ በስተጀርባ ግን ለብዙ ዓመታት ለማንም ያልተናገረችው ጉዳት ነበር። ዛሬ ሁለቱንም አንድ ላይ እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤምኤምኤ ምን ዓይነት ስፖርት ነው?

ኤምኤምኤ ወይም ድብልቅ ማርሻል አርት ቦክስን፣ የእግር ምትን፣ ትግልን፣ ጁዶንና ጁጂትሱን በአንድ መድረክ የሚያገናኝ የፍልሚያ ስፖርት ነው። ተፋላሚዎች ስስ ጓንት አድርገው ይገባሉ፤ ቆመውም ሆነ መሬት ላይ ወድቀው መፋለም ይፈቀድላቸዋል። አንድ ዙር 5 ደቂቃ ነው። መደበኛ ግጥሚያ 3 ዙር ሲኖረው የሻምፒዮና ግጥሚያ 5 ዙር አለው። አሸናፊው በዝረራ፣ በዳኞች ነጥብ ወይም ተጋጣሚውን እጅ በማሰጠት ይለያል። እጅ የሚሰጥ ተፋላሚ መሬቱን ወይም የተጋጣሚውን አካል በእጁ መታ መታ ያደርጋል፤ ዳኛውም ወዲያው ያስቆማል።

ዩኤፍሲ በ1993 የተጀመረ ሲሆን በዚህ ስፖርት ትልቁ የውድድር አዘጋጅ ድርጅት ነው። ከተመሠረተ ጀምሮ እስከ 2013 መጀመሪያ ድረስ በመድረኩ የተፋለሙት ወንዶች ብቻ ነበሩ።

ዘግይታ የተናገረች ልጅ

ሮንዳ የተወለደችው ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1987 በካሊፎርኒያ ግዛት በምትገኘው ሪቨርሳይድ ከተማ ነው። ስትወለድ እትብቷ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። ከዚያም ለመናገር በጣም ተቸገረች፤ በግልጽ የሚሰማ ንግግር ማውጣት የጀመረችው ከእኩዮቿ ብዙ ዘግይታ ነው። ቤተሰቡ ወደ ሰሜን ዳኮታ ግዛት ሄዶ ሲኖርም ለእሷ የንግግር ሕክምና ማግኘት ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር።

እዚያ ሳሉ አባቷ ከልጆቻቸው ጋር በረዶ ላይ ሲንሸራተቱ ወድቀው አከርካሪያቸው ተሰበረ። ደማቸው በአግባቡ እንዳይረጋ የሚያደርግ ብርቅ በሽታ ስለነበረባቸው ጉዳቱ ሊድን አልቻለም፤ እየባሰም ሄደ። በ1995 ራሳቸውን አጠፉ። ሮንዳ ያን ጊዜ የ8 ዓመት ልጅ ነበረች።

እናቷ አንማሪያ ዴ ማርስ በጁዶ ታሪክ ውስጥ የራሳቸው ትልቅ ስፍራ ያላቸው ሴት ናቸው። በ1984 የዓለም ሻምፒዮን ሆነዋል፤ ከወንድም ከሴትም በጁዶ የዓለም ሻምፒዮና ያሸነፈ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ሰው እሳቸው ናቸው። ኋላም በትምህርት ገፍተው የዶክትሬት ዲግሪ አግኝተዋል። ሮንዳ በ11 ዓመቷ ጁዶ ስትጀምር የመጀመሪያ አስተማሪዋ እናቷ ሆኑ።

ሥልጠናው የዋዛ አልነበረም። ሮንዳ በሕይወት ታሪኳ እንደምትተርከው እናቷ ጠዋት ገና ከእንቅልፏ ሳትነቃ ክንዷን በጁዶ ስልት ለመቆለፍ ይሞክሩ ነበር፤ ሁልጊዜ ዝግጁ መሆንን እንድትለምድ። አንድ ጊዜ የእግር ጣቷ ተሰብሮ ሳለ በልምምድ ቦታው ዙሪያ እንድትሮጥ አድርገዋታል። ሐሳባቸው ልጃቸው ተጎድታም መወዳደር እንደምትችል እንድታውቅ ነበር። ይህ ትምህርት ብዙ ሜዳሊያ አስገኝቶላታል። ሕመምን ችሎ ዝም ማለትንም አስተምሯታል። ይህን ነጥብ እንያዘው፤ ወደኋላ እንመለስበታለን።

የኦሎምፒክ ሜዳሊያና ከዚያ በኋላ የመጣው ባዶነት

ሮንዳ በ17 ዓመቷ ለ2004 የአቴንስ ኦሎምፒክ አለፈች። በውድድሩ ከነበሩት የጁዶ ስፖርተኞች ሁሉ በዕድሜ ትንሿ ነበረች። በ63 ኪሎ ግራም ምድብ በመጀመሪያ ግጥሚያዋ ኋላ የብር ሜዳሊያ ባገኘችው ኦስትሪያዊት ተሸንፋ 9ኛ ወጣች። በዚያው ዓመት ቡዳፔስት ላይ የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና ወርቅ አገኘች። በ2007 ወደ 70 ኪሎ ግራም ምድብ ወጥታ በሪዮ ዴ ጄኔይሮ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና የብር ሜዳሊያ ወሰደች።

በ2008 ቤጂንግ ላይ ነሐስ አገኘች። የሴቶች ጁዶ በ1992 የኦሎምፒክ ሙሉ ስፖርት ከሆነ ወዲህ ሜዳሊያ ያገኘች የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ሆነች። ያን ጊዜ 21 ዓመቷ ነበር።

ወደ አገሯ ስትመለስ ግን የጠበቃት ክብር ከውድድሩ ቀን ብዙም ያለፈ አልነበረም። ቋሚ ሥራም ሆነ ሌላ ሙያ አልነበራትም። ለተወሰነ ጊዜ መኪናዋ ውስጥ እያደረች፣ ያገኘችውን ሥራ እየሠራች ኖራለች። ሕይወቷን በሙሉ ለአንድ ስፖርት የሰጠች ወጣት ስፖርቱ ሲያበቃ ምን ትሆናለች የሚለውን ጥያቄ ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀመሰችው።

ክንድ የመቆለፍ ስልት

በ2010 ወደ ኤምኤምኤ ገባች። በአማተርነት ያደረገቻቸውን 3 ግጥሚያዎች እያንዳንዳቸውን ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ አሸነፈች። ማርች 27 ቀን 2011 በፕሮፌሽናልነት የመጀመሪያ ግጥሚያዋን በ25 ሰከንድ ጨረሰች። ቀጣዮቹ ሦስት ግጥሚያዎቿ 49፣ 25 እና 39 ሰከንድ ፈጁ። አራቱንም ያሸነፈችው በአንድ ዓይነት ስልት ነው፤ ከእናቷ በተማረችው ክንድ የመቆለፍ ስልት።

ስልቱ እንዲህ ነው። ተፋላሚዋ ተጋጣሚዋን በጁዶ አንሥታ ትጥላለች። መሬት ላይ እንዳሉ የተጋጣሚዋን አንድ ክንድ በሁለት እጆቿ ይዛ ወደ ደረቷ ታስጠጋለች፤ እግሮቿን በተጋጣሚዋ ደረትና ፊት ላይ ታሳርፋለች። ከዚያ ወገቧን ወደ ላይ ስትገፋ የተያዘው ክንድ ክርኑ ላይ ከተፈጥሮው አቅጣጫ በተቃራኒ ይለጠጣል። የተያዘችው እጅ ካልሰጠች መገጣጠሚያው ይወልቃል። ተጋጣሚዎቿ ሁሉ ይህ እንደሚመጣ ያውቁ ነበር፤ ሊያስቀሩት ግን አልቻሉም።

ማርች 3 ቀን 2012 በኦሃዮዋ ኮሎምበስ ከተማ ሚሻ ቴትን በመጀመሪያው ዙር 4 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ ላይ አሸንፋ ስትራይክፎርስ የተባለውን ድርጅት የሻምፒዮንነት ቀበቶ ወሰደች። በኦገስት 18 ሳራ ካውፍማንን በ54 ሰከንድ ረታ ቀበቶዋን አስጠበቀች።

«መቼም አይሆንም» የተባለው ሲሆን

የሮንዳ ግጥሚያዎች የሚስቡት ተመልካች እየበዛ ሲሄድ ዳና ዋይት ሐሳባቸውን ቀየሩ። በኖቬምበር 2012 ሮንዳ ከዩኤፍሲ ጋር የፈረመች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በዲሴምበር 2012 ደግሞ የድርጅቱ የመጀመሪያ የሴቶች ሻምፒዮን ተብላ ቀበቶ ተሰጣት። የክብደት ምድቧ 61.2 ኪሎ ግራም ነበር።

የመጀመሪያዋ ተጋጣሚ የአሜሪካ ባሕር ኃይል እግረኛ ጦር አባል የነበረችው ሊዝ ካርሙሽ ናት። የዚያ ምሽት ውጤት በቀላሉ የተገኘ አልነበረም። ካርሙሽ ገና በመጀመሪያው ዙር ጀርባዋ ላይ ተፈናጥጣ አንገቷንና መንጋጋዋን አጥብቃ ጠመዘዘች። ሮንዳ ቆማ ሳለች ከዚያ መያዣ ወጣች። ዙሩ ሊያልቅ 11 ሰከንድ ሲቀረው ክንድ ቆልፋ አሸነፈች። ያን ዕለት ብትሸነፍ ኖሮ የሴቶች ምድብ ይቀጥል ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ድርጅቱ ምድቡን የከፈተው በእሷ ስም ላይ ተማምኖ ነበርና።

በዲሴምበር 2013 ከቴት ጋር ዳግም ተገናኝታ በሦስተኛው ዙር አሸነፈቻት። ሲያበቃ ቴት የዘረጋችላትን እጅ ሳትጨብጥ በመሄዷ ተመልካቹ ጮኸባት። ሮንዳ በንግግሯም በጠባይዋም ቁጡ ነበረች፤ የወደዷትም የጠሏትም በዚሁ ነው።

ከዚያ በኋላ በፌብሩዋሪ 2014 የኦሎምፒክ የትግል የብር ሜዳሊያ ባለቤት የሆነችውን ሳራ መክማንን በ66 ሰከንድ፣ በጁላይ 2014 አሌክሲስ ዴቪስን በ16 ሰከንድ፣ በፌብሩዋሪ 2015 ካት ዚንጋኖን በ14 ሰከንድ፣ በኦገስት 2015 ቤቺ ኮሬያን በገዛ አገሯ በብራዚል በ34 ሰከንድ አሸነፈች። የመጨረሻዎቹ ሦስት ድሎች ተደምረው 64 ሰከንድ ብቻ ናቸው። በዩኤፍሲ በጠቅላላው 6 ጊዜ ቀበቶዋን አስጠብቃለች። እስከዚያ ድረስ ካሸነፈቻቸው 12 ፕሮፌሽናል ግጥሚያዎች 9ኙ በክንድ ቆለፋ፣ 3ቱ ደግሞ በምት የተጠናቀቁ ናቸው። ከመጀመሪያው ዙር ያለፈው አንድ ብቻ ነው።

ሜልበርን

ኖቬምበር 15 ቀን 2015 በአውስትራሊያዋ ሜልበርን ከተማ 56,214 ሰው በተገኘበት ስታዲየም የቀድሞዋን የቦክስ ሻምፒዮን ሆሊ ሆልምን ገጠመች። ሆልም ርቀቷን ጠብቃ እየሸሸች በቡጢ ትመታት ነበር። ሮንዳ ልትይዛት ስትሮጥ የምታገኘው አየር ነበር። በሁለተኛው ዙር 59 ሰከንድ ላይ የሆልም የግራ እግር አንገቷ ላይ አረፈ። ሮንዳ ወደቀች። ይህ የመጀመሪያ ሽንፈቷ ነው።

በ2016 መጀመሪያ ላይ በቴሌቪዥን ቀርባ ከሽንፈቱ በኋላ በሕክምና ክፍሉ ውስጥ ሳለች ሻምፒዮን ካልሆንኩ እኔ ማን ነኝ ብላ እንደጠየቀችና ራሷን የማጥፋት ሐሳብ እንደመጣባት ተናገረች። የአባቷን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቃል እጅግ ከባድ ነው። በአደባባይ መናገሯ ግን ብዙ ስፖርተኞች የሚደብቁትን ጭንቀት ወደ ብርሃን አውጥቷል።

ከ13 ወር በኋላ ዲሴምበር 30 ቀን 2016 ተመልሳ ብራዚላዊቷን አማንዳ ኑኔዝን ገጠመች። ኑኔዝ በ48 ሰከንድ አሸነፈቻት። ሮንዳ ከዩኤፍሲ የተለየችው በዚህ ነው። በ2018 ወደ ድርጅቱ የክብር መዝገብ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በዚያው ዓመት ደብሊውደብሊውኢ ወደተባለው የትዕይንት ትግል ተሻገረች፤ በ2019 የድርጅቱን ትልቁን ዓመታዊ ዝግጅት በዋና ግጥሚያነት ከዘጉት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሴቶች አንዷ ነበረች።

የተደበቀው ጉዳት

በ2024 ባሳተመችው ሁለተኛ የሕይወት ታሪክ መጽሐፏ ሮንዳ ከዚያ በፊት ያልተነገረ ነገር ገለጠች። ከልጅነቷ ጀምሮ በጁዶ ሥልጠናና ውድድር ላይ ብዙ ጊዜ የአንጎል መናጋት ደርሶባት ነበር። ራሷን እያመማትም ልምምዷን ትቀጥል ነበር። ወደ ኤምኤምኤ ስትመጣ ጉዳቱ ተጠራቅሞ ነበር፤ ዓመታት ሲያልፉም ቀላል ምት እንኳ ያናጋት ጀመር። ቢታወቅ መፋለም እንደምትከለከል ስለገባት ለማንም አልተናገረችም። በእሷ አባባል በሜልበርን ገና ከመጀመሪያዎቹ ምቶች ጀምሮ ርቀት መለካትና ፈጥና መወሰን አልቻለችም ነበር።

ይህን ካወቅን በኋላ እነዚያ በ14 እና በ16 ሰከንድ ያለቁ ድሎች ሌላ መልክ ይይዛሉ። ዓለም እንደ ኃይል ያየው ፍጥነት፣ በእሷ በኩል ምት ሳታገኝ ለመጨረስ የሚደረግ ጥድፊያም ነበር። የሆልምን ብቃት ግን ይህ አይቀንሰውም፤ ሆልም በዚያ ምሽት በሁሉም ነገር በልጣ ነበር።

የአንጎል መናጋት ማለት ጭንቅላት ወይም አካል በኃይል ሲመታ አንጎል በራስ ቅል ውስጥ ሲናወጥ የሚደርስ ጉዳት ነው። ራስን መሳት የግድ አይደለም። ደም አይታይም፤ በራጅ ወይም በሲቲ ስካን ምርመራም ብዙ ጊዜ ምንም አይገኝም። ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ብርሃንና ድምፅ መጥላት፣ መርሳት፣ የእንቅልፍ መዛባትና የጠባይ መለወጥ ናቸው። ትልቁ አደጋ የመጀመሪያው ጉዳት ሳይድን ሁለተኛ ምት ሲጨመርበት ነው፤ በልጆችና በወጣቶች ላይ ይህ ለሞት ሊያበቃ ይችላል። ሕክምናው ከሁሉ በፊት ከስፖርቱ ማቆም፣ ከዚያም በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ መመለስ ነው።

ከእሷ በፊትና በኋላ

ሮንዳ በሩን ብቻዋን አልከፈተችውም። በኦገስት 2009 በካሊፎርኒያዋ ሳን ሆዜ ጂና ካራኖና ክሪስ ሳይቦርግ በአንድ ትልቅ ዝግጅት ዋናውን ፍልሚያ ያደረጉ የመጀመሪያዎቹ ሴቶች ሆነው ነበር። ጃፓናዊቷ ሜጉሚ ፉጂን የመሳሰሉ ተፋላሚዎችም ሰው ብዙም ሳያያቸው ለዓመታት ስፖርቱን ገንብተዋል። ሮንዳ የጨመረችው ትልቁ ድርጅት ሊያልፈው የማይችል ዝና ነው።

ከእሷ በኋላ ዩኤፍሲ በ2014 ሁለተኛ፣ በ2017 ደግሞ ሦስተኛና አራተኛ የሴቶች ምድብ ከፈተ። ያሸነፈቻት ኑኔዝ በ2018 ሁለት ቀበቶ በአንድ ጊዜ የያዘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

በሙስሊሙ ዓለምም ተመሳሳይ ጅምር ታይቷል። ሮንዳ ካውፍማንን ባሸነፈችበት በዚያው ወር፣ በኦገስት 2012፣ የ16 ዓመቷ ሳዑዲ ዐረቢያዊት ውጅዳን ሸህረካኒ በለንደን ኦሎምፒክ ጁዶ ተወዳደረች። ከሯጯ ሣራ ዐጣር ጋር በኦሎምፒክ የተሳተፉ የመጀመሪያዎቹ የሳዑዲ ሴቶች ናቸው። የጁዶ ፌዴሬሽኑ ሒጃብ ለአደጋ ያጋልጣል በሚል መጀመሪያ ከልክሎ ነበር፤ በመጨረሻ ፀጉሯን የሚሸፍን፣ ኮፍያ መሰል መሸፈኛ ተፈቀደላት። ግጥሚያዋ 82 ሰከንድ ብቻ ቆይቶ ተሸነፈች፤ ተመልካቹ ግን አጨበጨበላት። በ2024 ደግሞ ሐታን አል ሰይፍ የተባለች ሳዑዲያዊት ከትልልቆቹ የኤምኤምኤ ድርጅቶች ከአንዱ ጋር ፈርማ የመጀመሪያ ግጥሚያዋን በሪያድ አሸንፋለች።

ለወላጆችና ለአሠልጣኞች

ፊትን ከመምታት መራቅን የሚያዝ የታወቀ ሐዲሥ በመኖሩ፣ ፊትና ጭንቅላት በሚመታባቸው ስፖርቶች ላይ ብዙ ዑለሞች ጠንካራ አቋም አላቸው። በዚህ ጽሑፍ ፈትዋ ልንሰጥ አልተነሣንም፤ ጥያቄ ያለው ሰው የሚያምናቸውን ዓሊሞች ይጠይቅ። ሆኖም ወንዶችና ሴቶች ልጆቻችን በየሠፈሩ ቴኳንዶ፣ ካራቴና ቦክስ ይሠለጥናሉ፤ እግር ኳስ ሲጫወቱም በጭንቅላት ይጋጫሉ። ስለዚህ የሮንዳ ታሪክ ሁላችንንም ይመለከታል።

ልጅዎ ከልምምድ ተመልሶ ራሱን ካመመው፣ ካዞረው፣ ካስታወከው ወይም ጠባዩ ከተለወጠ «ጠንክር፣ ያልፋል» አይበሉት፤ ወደ ሐኪም ይውሰዱት። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ትውከቱ ከተደጋገመ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ለመንቃት ካስቸገረ ደግሞ አንድ ሰዓት እንኳ አይጠብቁ። አሠልጣኞችም ተማሪ ጉዳቱን ሲናገር እንደ ፈሪ እንዳይቆጠር ማድረግ አለባችሁ። ልጅ ጉዳቱን የሚደብቀው ቢናገር የሚወደውን ነገር የሚያጣ ሲመስለው ነው።

በሽንፈት ወይም በሌላ ምክንያት የሕይወት ትርጉም የጠፋበት ወንድም ወይም እኅት ካለም ብቻውን አንተወው። እንጠይቀው፣ እናዳምጠው፣ ወደ ቤተሰብና ወደ ባለሙያ እናድርሰው።

ሮንዳ ራውዚ የተሰበረ ጣቷን ችላ መሮጥን በልጅነቷ ተማረች፤ በዚያም ሻምፒዮን ሆነች። አሞኛል ብሎ መናገርን የተማረችው ግን ቀበቶውን ካጣች ከዓመታት በኋላ ነው። ልጆቻችን ሁለቱንም በጊዜው ይማሩ ዘንድ አላህ ይርዳን።